መስፈርት ሰባት

ስናትም፣ ስንበሳ፣ በሣጥን ስንሞላ፣
ነጋብን ሐዋሳ፣ ከወረቀት ኋላ።
ማተሚያው ቀለሙን ጨርሶ ሲያቃስት
ዲኑ ሸሚዝ ሊቀይር ሮጠ ወደ ቤት።

ገምጋሚዎቹ ሦስት፤ ማታ ደርሰው አድረው፣
ዓሣ ብንጋብዝ እንኳ «ደንብ አይፈቅድም» ብለው
የበሉበትን ከፈሉ፣ ከየኪሳቸው።
ግቢው ሣር ላይ ደግሞ አባ ኮዳ ቆሟል፣
ራሱ መላጣ፣ ካፖርቱን ደርቧል፤
አንገቱን ሰብቆ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ
ያየናል፣ እንደ ገምጋሚ፣ አበሉ ተረስቶ።

ራእያችን አለ፣ ተሰቅሏል በፍሬም።
ዶክተሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የለም፣
ደብዳቤው ግን አለ። መጻሕፍቱም አሉ፤
ጣሪያው ያፈሰሰ ለት የራሱት በሙሉ
ፀሐይ ላይ ተሰጥተው፣ አብጠው ተቆጠሩ፣
ዕውቅናው እንዳይነሣ፣ ማስተርሱ እንዳይዘጋ፣ የጤና አስተዳደሩ።

መስፈርት ሰባት ላይ ብዕሬ ቆመ፦
«የተመራቂ ብቃት። ማስረጃ ይቅረብ።»

ብርቱካን ላቲሶ ትዝ አለችኝ ያኔ፣
ከኋላ ወንበር ላይ የምትሸሽ ከዓይኔ፣
የደጋ አዋላጅ ነርስ። ጽሑፏን «ቀጭን ነው» አልኳት፣
«ጥሩ» የሚል ሰጥቼ አሰናበትኳት።
«ጥሩ» በእኛ ቤት ስድብ ነው፤ ታውቃለች።

ጥያቄዋ አንድ ነበር፦
የመድኃኒት ቤት ቁልፍ ሌሊት የት ይደር?
መርፌው ፍሪጅ ውስጥ፣ ፍሪጁ ቤት ውስጥ፣ ቤቱ ተቆልፎ፣
ቁልፉ በሰው ኪስ፣ ሰውየው ወንዙን ተሻግሮ አልፎ፣
ደም የቀደማቸውን ጻፈች፣ በየሰዓታቸው።
ከዚያ ፋርማሲስቱን ለምና፣ ዘበኛውን አስፈርማ
አንድ ምስማር መታች በማዋለጃው በር፤
ቁልፉን ሰቀለችው። አለቀ ምርምር።

ዛሬ ንጋት ደወልኩ፦ «ማስረጃ ላኪልኝ፣ ማኅተም ያለበት።»
ሳቀች። «ምስማር ነው እኮ፣ የቱ ጋ ልምታበት?
ደግሞ ይኼን ሌሊት ሁለቴ ወርዷል።»
ፎቶ ግን ላከችልኝ።

ገምጋሚዋ አየችው፣ መነጽሯን ገፍታ፣
ስልኬን አቅርባ፣ አርቃ፣ በሁለት ጣት አስፍታ፦
ነጭ በር፣ አንድ ምስማር፣ ከሥሩ የዝገት መስመር።
«ቁልፉ የታለ?» አለች።
«ወርዷል» አልኳት። «ሥራ ላይ ነው።»

ዝም አለች። መስፈርት ሰባት አጠገብ አንድ ነገር ጻፈች፤
እጇ ስለጋረደኝ አላነበብኩትም።
ሣሩ ላይ አባ ኮዳው የሰቀለውን እግር
ቀስ ብሎ አወረደ።