ውሃ ልክ

ሃያ ሰባት ዓመት፣ ከወደቡ ዳር፣
ውሃ ሳነብ ነበር።
ጧትና ማታ፣ በሰማያዊ ቢክ፣
በቀዩ መዝገብ ላይ ስጽፍ የጣናን ልክ፤
ሰኔ ላይ ዝቅ፣ መስከረም ላይ ከፍ፣
አንድም ቀን ሳይዛነፍ።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ መሐንዲሶች መጡ፣
ከሰዓት፣ በነፋስ፣ ሊለኩ ተቀመጡ።
«አይሆንም» አልኳቸው፤ «የለካችሁት ሞገድ ነው፣
ሐይቁ ገና ከሥር ነው።
ጀልባው ይለፍ፣ ነፋሱ ይብረድ፣
ነገም ይነበብ፤ በአንድ ቀን አይፈረድ።»
ሳቁብኝ። ጻፉ። ሄዱ።

ዘንድሮ፣ በጡረታ፣ አምሮኝ መነጽር፣
ሺምብጥ ጤና ጣቢያ ስሰለፍ ከበር፣
ሲስተር አንጓች ጠራችኝ። ክንዴን በጨርቅ አሰረች፣
ኳሷን ጨመቀች፣ ጨመቀች፤
ከብርጭቆው ዘንግ ውስጥ ብርማው ውሃ ወጣ፣
ከዚያ ቀስ፣ ቀስ እያለ፣ እየቆጠረ መጣ።
«ከላይ መቶ ስድሳ ስምንት፣ ከታች መቶ ሁለት።»
«ምን ማለት?»

«ማለቱ ገና ነው፣ አባቴ። ከዘበኛው ሲሟገቱ ሰምቻለሁ፤
አምስት ደቂቃ ዝም ይበሉ፣ ደግሜ እለካለሁ።
ጀርባዎን ይደገፉ፣ እግርዎን አያነባብሩ፤
ማክሰኞ ይምጡ፣ የሚቀጥለውም፤ ያኔ ይሰየማል ነገሩ።
በአንድ ቀን አይፈረድ።»

ይሄን ቃል ከማን ወሰደች?
እኔ ወደቡ ላይ ስጮህ፣ እሷ ገና አልተወለደች!

ሁለት ማክሰኞ ተመላለስኩ። በቀኝ ክንድ፣ በግራ ክንድ፤
መቶ ሃምሳ አራት፣ መቶ ሃምሳ፣ መቶ ሃምሳ አንድ፤
የታቹም ከዘጠና አምስት ፈቀቅ አላለም።
ደመረች፣ አካፈለች። «ደም ግፊት ነው፤ ደረጃ አንድ።
መቶ ስድሳ ቢደርስ፣ ሁለት እንለው ነበር።»
«አንዳች አያመኝም እኮ!» ብዬ ልከራከር
ስል፣ ፎገራ ትዝ አለኝ፤ ነሐሴ ሲገባ፣
ጣና ሳይጮህ ነው ከሩዙ ማሳ የሚገባ።
ገበሬው ተኝቶ አድሮ፣ ጧት ከመደቡ ሲወርድ፣
ጫማው ይንሳፈፋል።
ያኔ ነው የሚያውቀው።

ዝም አልኩ። ክኒኑን ተቀበልኩ።

አሁን ልጄ መለኪያ ልካልኝ፣ ቤቴ ነው የምለካ፤
ከቀዩ መዝገብም የተረፈ ገጽ ነበር ለካ።
«ጣና» ከሚለው ጎን ስሜን ጻፍኩ፦ ቢያድግልኝ።
(እናቴ ይሄ ቁጥር ይደግ ማለቷ አልነበረም።)
መነጽሩን እስከዛሬ አልገዛሁም፤
የልጄ ልጅ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፦
ዛሬ፣ ጧት። መቶ አርባ አራት በዘጠና አንድ።
ነፋስ የለም።