ላልቶና ጠብቆ

ብርኖ፣ ኅዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ። መስኮቱን ጉም ልሶታል፤
ከታች ትራሙ ሲታጠፍ ሐዲዱ ያፏጫል።
ጠረጴዛዬ ላይ ፓምፕ አለ፣ ለታማሚ ደም ሥር
መድኃኒት በጠብታ የሚሰፍር።
ራዲም ነው የሠራው፤ የእኔ ድርሻ ቃሉ ነው፦
ማንም ሰው፣ በየትኛውም ሌሊት፣ ሳይጠይቅ እንዲከፍተው።

ሕጉ አጭር ነው፤ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፦
«ለአንድ ቁጥር አንድ ድርጊት።» በየማለዳው አየዋለሁ።
ከሥዕሉ ቀስት ጋር ቁጥሩ ይግጠም፣
ማስጠንቀቂያው ይቅደም፣
አንድ ዕቃ በሁለት ስም አይጠራም።
መሰኪያውን «ሶኬት» ካልኩት፣ እስከ መጨረሻው ሶኬት፤
ማሳመር የለም እዚህ ቤት።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ትእዛዙ ነበር።
«ተጫን» ብል ነርሷ ሴት ናት፤ «ተጫኚ» ብል ወንዱ ሊቀር።
«ይጫኑ» ብዬ አለፍኩት፤ አንቱታ ለሁሉ ይበቃል፤
እንቅልፍ የሚያዳፋው ተረኛም መከበር ያምረዋል።

ገጽ አሥራ ሁለት፣ ቁጥር አራት ላይ ጻፍኩ፦ «ብሎኑ ይጠብቃል።»
ኮምፒውተሩ በቀይ አላሰመረም፤ ፊደሉን እንጂ ድምፁን የት ያውቃል!

ለሙከራ ወይዘሮ ይርገዱን ጠራኋቸው፣ ፎቁን የሚያጸዱ፤
ጓንታቸውን አውልቀው፣ መነጽር አድርገው፣ ቁጥር በቁጥር ወረዱ።
አንድ፣ ክዳኑን ከፈቱ። ሁለት፣ ቱቦውን አስገቡ።
ሦስት፣ አየሩን አስወጡ፣ እንደ ዋዛ፣ ሳያስቡ።
አራት ላይ «ብሎኑ ይጠብቃል» ሲሉ፣ «ብ»ን ረገጧት፤
እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ፓምፑን ትኩር ብለው አዩት።

ደቂቃ አለፈ። ራዲም ሰዓቱን አየ።
«ምነው እትዬ?»
«ይጠብቃል ይላል። ምን እንደሚጠብቅ አላውቅም፤
እሱ እየጠበቀ ግን እኔ አልቸኩልም።»

ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ።
ፊደሉ ላልቶ ሲነበብ፣ ብሎኑ ይጠብቃል፤
ፊደሉ ጠብቆ ሲነበብ፣ ብሎኑ… ይጠብቃል።
ለራዲም እንዴት ላስረዳው? በቼክኛ ቃል አጣሁለት፤
ጥፍር የምታህል ፊደል፣ የሰው ደም የተንጠለጠለባት።
አባቴ ቢያያት፣ ኅብር ብሎ ባሸበሸበላት፤
እኔ ግን ወርቁን ቀብሬ ሰሙን ብቻ እንድተው ነው የቀጠሩኝ።

አጠፋኋት። «ብሎኑን ወደ ቀኝ አዙረው ያጥብቁት።»
ወይዘሮ ይርገዱ አነበቡ፣ አዞሩ፣ ቀጭ አለ፣ ፓምፑ ሠራ፤
ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ፣ ደረጃው ገና ሳይጠራ።

የትርጉም ማኅደሩ ግን አንዴ የጻፍኩትን አይረሳም።
ብሎን በመጣ ቁጥር፣ ከስክሪኑ ግርጌ፣ በግራጫ፣ ሳልጠራት አትቀርም፦
«ብሎኑ ይጠብቃል።» ልውሰደው? ይላል።
አይሆንም እላለሁ፣ በቀን መቶ ጊዜ።
መደምሰሻው እዚያው አለ፣ ከጣቴ ሥር፤
እጄ ግን ይጠብቃል።