ሦስት ጣት

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ አርባ፣ ምድር ቤት፣ ጥግ ያለው ሱቅ፤
መብራት ሲመጣ ካስኩ ያገሳል፣ ሲጠፋ ቁጭ ብሎ መጠበቅ።
ለሊሴ ጣቷን አጋድማ ከግንባሬ ላይ ለካች ፀጉሬን፤
«ሦስት ጣት ሞልቷል፣ ይይዛል» አለች፣ በመስታወት አይታ ዓይኔን።

ሦስት ጣት። የአምስት ወር አዝመራ ነው፤
እህቴ ይርገዱ የሞተች ሳምንት፣ ከምላጭ ወዲህ የበቀለው።
እናቴ «ተይ ልጄ» ብላኝ ነበር፤ «ያሁን ሰው አይላጭም፤
ሻሽ ይበቃሻል፣ ጥቁር ይበቃሻል፣ ፀጉር ለሞተ አይበጅም።»
ግን ያን ጉንጉን ማን ይፍታው? ማንስ መልሶ ይሠራዋል?
እሁድ እሁድ ከጉልበቷ መሃል ቁጭ አድርጎ የሚሠራኝ እጅ
ሄዷል።

አሁን አለቃዬ «እንግዳ መቀበያ ላይ የሐዘን ፊት አይሆንም» አለ፤
ለሊሴ አውጥታ ዘረጋችልኝ፣ ከሚስማር ላይ የተንጠለጠለ፣
አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ሞገዳም፣ አንዱ ቀለበት የጠቀለለ።
«ይኼ አርቴፊሻል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን እሳት አይወድም፤
ሽሮ ስታማስዪ ጫፉ ከነካው ይኮማተራል፣ አይቃናም።
ይኼኛው ሂውማን ሄር፤ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል።»
ዋጋውን ስሰማ፣ የእቁብ ዕጣዬ ከቦርሳዬ ውስጥ ያቃስታል።

«ከገዛሽ አይቀር» አለች አንዷ፣ ካስክ ስር ሆና፣ «እስከ ወገብ!»
እኔ የሃይገሩ ግፊያ፣ የሰው ዚፕ፣ የሰው ክንድ ታየኝ ሳስብ።
አሥራ አራት ኢንች ይበቃኛል። ትከሻ ነክቶ የሚመለስ።
ድቅድቅ ጥቁርም አይሁን፤ የራሴ ፀሐይ ላይ ቡናማ ይላል፤
ተጎራብተው ሊኖሩ ነውና፣ ከወዲሁ መስማማት ይሻላል።

ሦስት ጣቱን ሰብስባ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት ትልም አወጣች፤
ከዚያ ቆልማማውን መርፌ አነሣች።
አባቷ በሬ ጠምዶ ያርስ ነበር እዚሁ፣ ይኼ ፎቅ ሳይቆም፤
እሷ ማረሻ ይዛ አታውቅም፤
እጇ ግን ትልሙን አልረሳውም።

ሲሰፋ ያማል። ከሕመሙ ይልቅ ሌላ ነገር ያስጨንቀኛል፦
የማን ነው ይኼ? ፓኬቱ «ብራዚል» ይላል፤ ፓኬት ብዙ ይላል።
ቸግሯት ይሆን የሸጠችው? ተስላ ይሆን የሰጠችው?
ወይስ እንደ እኔ፣ ሰው ሞቶባት፣ በምላጭ ነው ያወረደችው?
ሁለት የተላጨን ሴቶች፣ ስም ለስም ሳንጠያየቅ፣
እሷ ፀጉር፣ እኔ ራስ አዋጥተን፣ በለሊሴ ክር ስንተዋወቅ።

በማግስቱ አለቃዬ «አሁን ሰው መሰልሽ» አለኝ፤ ሳቅሁ።
የትኛዋን ሰው? ልለው ብዬ ቀረሁ።
ከብሎክ ጀርባ፣ ውሃ ወረፋ ላይ፣ «ሐዘኑ ወጣላት» ሲሉ ሰማኋቸው፤
ሐዘን ተላጭቶ የሚያልቅ መስሏቸው፣
ከሥር ማደጉን ማን ይንገራቸው።

ማታ ያሳክካል። አይታከክም፤ በመዳፍ ጠፍ ጠፍ ይደረጋል።
ጠፍ ጠፍ ሳደርግ የይርገዱ ልጅ ማስተዋል ነቃች፤
ጨለማው ውስጥ ወደ ራሴ ዳኸች።
የተሰፋውን ገለጥ፣ ገለጥ፣ እንደ መጋረጃ፤
ትንሽ ጣቷ ከትልሙ ገባች፣ ፈለገች፣ ፈለገች፣ አገኘች።
«ያንቺው እዚህ አለ» አለች።
ከዚያ እንደ ለሊሴ ጣቷን አጋድማ ለካችው፣
በሹክሹክታ ቆጠረችው።
«አራት ጣት ሆኗል።»

በእሷ ጣት ነው።
አላረምኳትም።