አልጋ ወራሽ

ከለ ሃቭር ወደብ የተነሣን ማታ፣
ፎቅ ላይ ሙዚቃ አለ፣ የብርጭቆ ጫጫታ፤
እኛ ግን ወረድን፣ ደረጃ በደረጃ፣
ምንጣፉ እስኪያልቅ፣ እስኪርቀን ግምጃ፣
ቀለሙ እስኪላጥ፣ ብረቱ እስኪያልበው፣
ባሕሩ ባናት ላይ ሲያልፍ እስክንሰማው።

አርባ ስምንት ነን፤ ሃያ አራት ነው አልጋ፤
ግማሹ ሲቀቅል ግማሹ ሊዘረጋ፣
ሦስት ሦስት ተደራርቦ እንደ ሳህን ቁልል፤
የላይኛው ሲያስል የታችኛው ይነቃል።
መስኮት የሚባል የለም።
አንዲት አምፖል ብቻ፣ እረፍት የማታውቅ፣
ካልሲ ከእንፋሎቱ ቧንቧ ላይ ሲደርቅ
ከላይ ቢጫ ዓይኗን አፍጥጣ የምትጠብቅ።

የመርከቡ ጭራ ከማዕበል ሲወጣ
መዘውሩ ባየር ይሽከረከራል በቁጣ፤
የአልጋው ብሎን ሁሉ ጥርስ ለጥርስ ይጋጫል፣
ድንች ላጩ ኮሮንታን ከጥግ ሆኖ ይስቃል፤
«እናቴ እንኳ» ይላል፣
«እንዲህ አድርጋ እሹሩሩ ብላኝ አታውቅም።»

እኔ ቱዱዋል ነኝ፣ ሳህን አጣቢው።
ዐሥራ አንድ ዓይነት ምግብ ወደ ላይ ይወጣል፤
ወደ እኔ የሚመለስ አጥንትና መረቁ ነው።
አልጋዬ ዐሥራ ሰባት ቁጥር፤ የእኔ ብቻ አይደለም፤
የጉልቬንም ነው፣ የዳቦ ጋጋሪው።
ሌሊት ሰባት ሰዓት ሊጥ ሊያቦካ ሲነሣ
እኔ እገባለሁ፣ ፍራሹ ገላውን ሳይረሣ፣
ጎድጓዳው ኩፍ ሳይል።
ንጋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ዳቦው ሲወጣ፣ ተራው የእሱ ነው።

አንደኛ ማዕረግ ላይ ልዑል አለ አሉ፣ የአንድ አገር አልጋ ወራሽ፣
ዐሥር ሻንጣ አስከትሎ፣ ሁለት ውሻ፣ አንድ አልጋ አንጣፊ፣
አባቱ እስኪሞት በየባሕሩ የሚንከራተት።
ምስኪን!
እኔ በየሌሊቱ እወርሳለሁ፣
ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያለቅስ፣
ከነሙቀቱ፣ ከነትራሱ፣
ከነዱቄት ብናኙ፣ ከነእርሾ ሽታው፣
አልፎ አልፎም ከአንድ ዘለላ ሽበት ጋር።

በስድስት ጉዞ የተነጋገርነው ሦስት ቃል ቢሆን ነው፤
«ደረሰ?» «ደረሰ።» «ተኛ።»
ፊቱን በብርሃን አይቼው አላውቅም፤
ጀርባውን ግን አውቀዋለሁ፤ በግራ በኩል ከባድ ነው፣
ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚተኛ፣
ግድግዳውን እያየ።
እሱስ እኔን በምን ያውቀኝ ኖሯል?
በሶዳ፣ በቀዘቀዘ ስብ፣ ከዚያም አይዘል።
አንዴ ትራሱ ሥር ግማሽ ዳቦ ተወልኝ፣
የልዑሉን ዳቦ፣ ቅቤ የጠጣውን፤
በላሁ።
እኔ ምንም አልተውሁለትም።
ማንኪያ ለመስረቅ እጄ ፈጣን ነበር፤ ለዚህ ግን አልደረሰም።

ከኒው ዮርክ ስንመለስ ባሕሩ አልጋ ባልጋ ሆነ፣
ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ረጋ።
በሰባት ሰዓት ወረድሁ፤ እጄን ሰደድሁ፤
አልጋው በረዶ።
የቆሻሻ በርሜል ተሸክሞ ወርዶ ቀረ አለ አንዱ፤
ሌላው፣ ሳንባውን ዱቄት ሞልቶት ሆስፒታል አስገቡት አለ።
ኮሮንታን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።
እኔም አልጠየቅሁም፤ ሳህኑ ብዙ ነበር።

እነሆ ግዛቴ ሰፋ፣
ቀኑም ሌሊቱም የእኔ፣ ተቀናቃኝ የለኝ፤
አልጋው ጸናልኝ፤
እንቅልፍ ብቻ «አልገዛም» አለኝ።
ጎድጓዳውን እንዳልሞላበት ጠርዝ ላይ ተጠቅልዬ
ብሎኑን ስቆጥር አደርሁ፤ መንጋቱን የነገረኝ ደወሉ ነው።

አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ።
ብርድ ልብሱን ላጥፍ ብዬ ተውሁት፤
እንደ ለመድሁት እስከ ትራሱ ሳብ አድርጌ ሸፈንሁት፣
ሙቀቱ እንዳይወጣ።