ላጲስ

ጉሙ ከጦሳ ላይ ወርዶ እስከ ሆጤ፣
ከቅሬው ዳኛ ፊት ስልኬን አስቀምጤ፣
«አረንጓዴው ከፋይ፣ ቀዩ ያልከፈለ፣
ስሙን ነካ ሲሉት ይወጣል የጎደለ፤
ሰው ሲሞት ጥሩንባ መንፋትም አያሻም፣
መቶ ስልክ ይጮኻል፣ አንድ ቤት አይረሳም»
አልኩኝ ደረት ነፍቼ፣
ሦስት ወር ኮድ ስጽፍ አምሽቼ አንግቼ።

ጋሽ እብሬ ዝም አሉ። መነጽር ጠረጉ።
ከጉያ አወጡና ደብተሩን ዘረጉ፤
የከፈን፣ የመግነዝ፣ የአንድ ድንኳን ዋጋ፣
በሰማያዊ ቢክ ጎን ለጎን ተጠጋ።
ካንዳንዱ ስም ጎን ግን ጤፍ የምታህል ነጥብ፣
በእርሳስ ጠብ ያለች፣ ካልቀረቡ የማትነበብ።

«ምንድን ነች?» አልኳቸው። «አትጠይቁት ነች።
የሰይዴ ሱቅ ሲነድ ሁለት ዓመት ቆየች፣
ሲቀናው በላጲስ፣ እፍ ስል በነነች።
ያንተ ስልክ፣ ልጄ፣ እፍ ማለት ያውቃል?»

ገጽ ስገልጥ፣ ካባቴ ስም ጎን ወረቀቱ ሳስቷል፤
ኮሌጅ የገባሁ ዓመት። ላጲስ ተመላልሷል።
ቀና አልኩ። እሳቸው መስኮት መስኮቱን ያያሉ፣
«ጉሙ ዛሬስ ከፋ» ይላሉ።

ማታ መብራት ሄደ። ባትሪው ሳያልቅብኝ፣
ቀዩን ሰረዝኩና ነጥቧን ሣልኩ እንደመሰለኝ፤
ዳኛው ብቻ የሚያያት፣ ሲነኳት የምትበን።
ሞኝነቴ ይሁን፣ እፍ አልኩት ስክሪኑን።

ግን ቅጂዋ ይቀራል በማላውቀው አገር፣
ከማይተኛ ማሽን ሆድ።
ለጋሽ እብሬ እንዴት ልንገር?