ወንበሩን የጠረገችው

ቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ፣ አስፋልቱ ካለቀ ወዲያ፣
ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ነው ያለው ጤና ጣቢያ።
ሁልጊዜ ጥቁር ስለብስ «እግዜር ያጥናሽ» ይሉኛል፤
የገዛ ደሜ መሆኑ ለማን ይነገራል?

ስፌት ነው ሥራዬ። በማላውቀው ሰው ሱሪ ላይ
ኪስ ስሰፋ እውላለሁ፣ ሰዓቱን ሳይ፣ ሰዓቱን ሳይ።
ሽንት ቤት በቀን ሁለቴ ነው፣ በካርድ፣ በፊርማ፤
የኔ ደም ፊርማ አይጠብቅ፣ ተቆጣጣሪ አይሰማ።

ዘጠኝ ቀን። አንዳንዴም አሥራ አንድ።
ውኃ የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት፣ ጀሪካኔ አንድ፤
ግማሹ ለወጥ፣ ግማሹ ለጨርቅ።
ቤቴ አራተኛ ፎቅ፤
ሁለተኛው ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ቁልፍ የጠፋኝ መስዬ።
«የሴት ወግ ነው፣ ቻይው» ትለኛለች እትዬ።

ሦስት ዓመት የብረት ክኒን ዋጥሁ፤
አንዱ ጻፈልኝ፣ ሌላው ጻፈልኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

የዚያን ዕለት ግን ስነሳ፣ ወንበሩ ላይ ቀረ።
አየሁት። ያየኝም ሰው ነበረ፤
አስካለ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ። ቃል አልተነፈሰች፤
ጠረገችው። ነጠላዋን ወገቤ ላይ ጠመጠመች።
ከዚያ ገባች ሲስተር ሌንሴ ዘንድ፤ በሩ ገርበብ ነበር፦
«ያቺን ልጅ እንዳትሸኟት። አበባስ ይሄ ነው? በጦር
የተወጋ ሰው እንጂ!»

በሳምንቱ ጠሩኝ። አንዲት ጠባብ ክፍል፤
ሐኪሟ፣ ሲስተር ሌንሴ፣ የላቦራቶሪው ከድር፤ በስልክ ደግሞ
ከመሀል ከተማ የደም ሐኪሙ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ይመጣል።
ሽማግሌ የተቀመጠ መሰለኝ፣ እኔን ከደሜ ሊያስታርቅ፤
አንዱ ያላወቀውን ሌላውን ሲጠይቅ፣
«አላውቅም» ሲል ሐኪም፣ ገና ያኔ ሰማሁ።

«ጥርስሽ ሲነቀል ስንት ቀን ደማ?»
ሦስት። ትራሴን ጣልሁ።
«ልጅ ሳለሽስ፣ ነስር?»
በየበጋው።
«እናትሽስ?»
ዝም አልሁ።

እናቴ እኔን ስትወልድ ነው።
«ቀኗ ደረሰ» ነበር የተባለው።
ሠላሳ ሦስት ዓመት «ቀኗ ደረሰ» ስል ኖሬ፣
ለካ ስም ነበረው።

ከድር በእስክሪብቶ ጻፈልኝ፣ ረጅም ስም፣ የፈረንጅ።
ነቅሎ የሚጥለው የለም አሉኝ፣ የሚገታው እንጂ።
ትናንት የልጄ ነስር ደብተሯ ላይ ነጠበ፤
«ወግ ነው» አላልኳትም። አፍንጫዋን አስያዝኳት፣
ሰዓት አየሁ፣ ደቂቃውን ጻፍሁ።

የአስካለን ነጠላ ልመልስ ሄድሁ፤
አጥቤው ነበር፣ ጥለቱ ላይ ግን አንድ ቡኒ ነጥብ አልለቀቀም።
«ያዥው» አለችኝ፣ ቀናም ሳትል፤
በዓይኗ ወደ ወንበሩ ጠቀሰችኝ፦
ጥቁር የለበሰች አንዲት ልጅ ተቀምጣለች።