ሁለት መስመር

ማክሰኞ ማታ የፍርድ ሰዓት ነው፤
አምስት አዲስ ፊልም፣ ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር።
መርዕድ ቃል ይመዝናል፣ እንደ ሽንኩርት ቸርቻሪ፤
«አሳጥር» ይለኛል፣ «የጎማ ማስታወቂያ አለ ከሥር።»

እኔም ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከፖስታ ቤት ሽቅብ፣
ከጨለማ ጨለማ ስዞር ከርሜ፣
ኪሴ አምስት ብጫቂ ትኬት፣
ጉልበቴ ላይ ደብተር፣ ግማሹን በእንቅልፍ ልቤ ጽፌ፣ ደክሜ፣
እንዲህ ብዬ ፈረድኩ፦

«የአራተኛ ፎቅ ሙሽራ»።
ሙሽራዋ ታለቅሳለች፣ ሙሽራው ያለቅሳል፣ ሚዜው ያለቅሳል፤
እኛን ያስለቀሰን ግን የትኬቱ ዋጋ ይመስላል።

«ሊፍቱ አይሠራም»።
ቀልድ አለው። ቀልዱን ተናግሮ ሲያበቃ
ደግሞ ያብራራዋል፣ የተኛውም እስኪነቃ።

«የደም ቼክ»።
ሃያ ሦስት ጥይት ከአንድ ሽጉጥ ተተኮሰ።
ቆጠርኩ፤ ታሪኩማ ገና ከበሩ ተመለሰ።

«እንደ ክረምት እንግዳ»።
ዝናቡ ከሁሉም በላይ ተውኗል።
ሂዱ። ጃንጥላ አትርሱ።

«የጎዳናው ሒሳብ»።
አትዩት።

(ሁለተኛውን መስመር ለመርዕድ መለስኩለት።
ደስ አለው።)

ረቡዕ ጋዜጣው ወጣ። ሐሙስ፣
የረሳሁትን ሻርፕ ፍለጋ ወደ ሲኒማው ብመለስ፣
«አትዩት አልክ?» አለችኝ ትኬት ቀዳጇ አስናቀች፤
ፍርዴን እንደ ቀንድ ጠቅልላ ቆሎ ይዛበት ነበረች።
«ሃያ ስድስት ዓመት በር ላይ ቆሜያለሁ፤
እኔ የማነበው የሚወጣውን ሰው እግር ነው።
እስቲ እዚህ ጥግ ቁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ይመጣል፤
ከፍሎ ይገባል፣ ሠላሳ ደቂቃ ይቀመጣል፣
ይወጣል።
ነገም ይመጣል።»

ቆምኩ። መጣ።
አቶ ውብእሸት፣ ጡረታ የወጣ የቴሌ ሠራተኛ፤
ሁለት ረድፍ ከኋላው ተቀመጥኩ፣ እንደ ሰላይ፣ እንደ ቀናተኛ።

ያው ፊልም ነው፣ ያው ውሃ የማያነሳ ወግ፤
ጀግናው ቸርችል ጎዳና ላይ ቆሞ በስልክ ይዋሻል፣
ከንፈሩና ድምፁ ተኳርፈዋል
(ይህም ደብተሬ ላይ አለ፣ ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበት)፣
ከጀግናው ትከሻ ጀርባ ግን፣ ደብዘዝ ብላ፣
አንዲት ሴት መንገድ ታቋርጣለች፣ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥላ።
መሃል ላይ ቆም ትላለች፣
ፌስታሉን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ ታዛውራለች፤
ሚኒባስ ያልፋል።
የለችም።

ሦስት ሰከንድ። ቢበዛ አራት።
ከፊቴ ያለው ሰው ኮፍያውን አነሳላት።

ውጪ፣ ደረጃው ላይ፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ፦
«የጎረቤት ልጅ ናት አይታ የጠራችኝ።
ጥቅምት ላይ ነው የቀረጹት። መቀረጿንም አላወቀች።
ታኅሣሥ ላይ ቀበርኳት።
ግራ ክንዷን ያማት ነበር፣ ለዚያ ነው የምትቀይረው።
ፎቶ መች አጣሁ፤
ፎቶ ግን እጅ አይቀይርም።»

ኮፍያውን አስተካከለና፣ እንደ ማፈር ብሎ፦
«አንተ እስከ መጨረሻው አይተኸዋል መሰለኝ፤
ለመሆኑ ስለ ምንድነው?
ጥሩ ነው?»

በቃል የምከፈል ሰው ነኝ።
ወደ መንገዱ አየሁ።
ሻርፔን ሳልወስድ ወረድኩ።

ዓርብ ፖስተሩን ገነጠሉት።
«ሰው የለውም» አለች አስናቀች፤ አላየችኝም፣ ወይም
እንዳላየች ሆነች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። መርዕድን
ያቺን የመለስኩለትን መስመር ጠየቅኩት።
«ለወረደ ፊልም?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
«ጎማ ገብቶበታል።»